64 ቦታ አመልክቼ የጠሩኝ ሁለቴ ብቻ ነው

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎችና የቴሌግራም መልእክቶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ አፕላይ አደርጋለሁ ግን የሚያየኝ የለም። አራቱን መርጠናል። መልሱን የምጽፈው እኔ 11 ዓመት አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ኤችአር ሠርቻለሁ፣ ፖስታ የምከፍተውም ሲቪ የምለየውም እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ማመልከቻ ስቀበል ያየሁትን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በ2016 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄያለሁ፣ ጂፒኤዬ 3.4 ነው፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት። እስካሁን 64 ቦታ አመልክቻለሁ፣ የት የት እንዳመለከትኩ ደብተር ላይ ነው የምመዘግበው። የተጠራሁት ሁለቴ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ጋ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ቀረሁ። ጓደኞቼ ዘመድ ከሌለሽ አትልፊ ይሉኛል። ሲቪዬንም ከለር ያለው አድርጌ ፎቶ አስገብቼ በአዲስ አሠራሁት፣ ለውጥ የለም። ከሌላው ሰው ተለይቼ የምታየው ምን ባደርግ ነው? — ሜ.፣ ከጎፋ

መልስ፦ እህቴ ሜ.፣ መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። 64ቱንም ቦታ ቀኑን፣ የድርጅቱን ስም፣ መልስ መጣ አልመጣ ብለሽ ደብተር ላይ ይዘሻል። ይሄ እኮ የሒሳብ ሠራተኛ ጠባይ ነው። አያይዘሽ የላክሽልኝ ሲቪ ላይ ግን ይሄንን የሚመስል አንድም ነገር የለም፣ እዚያ ላይ ያለው “ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫና የምቋቋም” የሚለው ነው።

ምን መሰለሽ፣ አንድ ጊዜ ለጁኒየር አካውንታንት ቫካንሲ አወጣን፣ እሁድ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ጋ ሰልፍ ነበር፣ አርብ ላይ ሁለት ካርቶን ሙሉ ፖስታ ተሰብስቧል። እኔና አንዲት ባልደረባዬ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብለን እስኪመሽ ስንከፍት ዋልን። ታዲያ ያ “ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫና የምቋቋም” የሚለው ነገር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሆኖ ከአንዱ ፖስታ ወደ ሌላው ይመጣል፣ ምክንያቱም ሲቪው የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ ልጆቹ ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ፋይል አላቸው፣ ስምና ስልክ ቀይረው ያትሙልሻል። አንዱ ሲቪማ መጨረሻው ላይ “ከላይ የገለጽኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ” ከሚለው ሥር የሌላ ሰው ስም ነበረበት፣ ከሱ በፊት ያሠራው ሰው ስም ሳይጠፋ ቀርቶ። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ያንን የምናውቅበት መንገድ ግን አልነበረንም፣ አለፍነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና እዚያ ካርቶን ውስጥ አንድ ተራ ነጭ ወረቀት መጣ፣ ከለር የለው ፎቶ የለው፣ ገና ከስሟና ከስልኳ ሥር እንዲህ ይላል፦ “የሰፈራችንን ዕድር የመዋጮ መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬያለሁ፣ 180 አባል፣ የሦስት ዓመት። ሳመሳክር የ2,350 ብር ልዩነት አገኘሁ፣ ከገንዘብ ያዡ ጋር ደረሰኞቹን ስናይ ሁለቴ የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ።” ባልደረባዬ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝና ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጥነው። ልጅቷ እንዳንቺው አዲስ ምሩቅ ነበረች፣ የሥራ ልምድ የሚባል የላትም፣ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይሄንኑ ነው አይደል፣ መዝገብ መያዝ፣ ማመሳከር፣ ልዩነት ሲመጣ ምክንያቱን እስኪያገኙ አለመተው። ኢንተርቪው ላይም ስለ ዕድሩ ስንጠይቃት ዓይኗ በራ፣ ግማሽ ሰዓት አወራችን። ተቀጠረች።

ተለይቶ መታየት ማለት እኔ የሚገባኝ ይሄ ነው። ቀጣሪው ሊያሠራሽ የፈለገውን ሥራ በትንሹም ቢሆን ሠርተሽ እንደምታውቂ እንዲያይ ማድረግ፣ ሳይለፋ እንዲያይ ማድረግ፣ በቃ። ከለሩ አይረዳሽም፣ “ኤክሴል 80 ከመቶ” ብሎ መለኪያ መስመር የሳለልሽንም አስጠፊው፣ የኤክሴል 80 ከመቶ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሱ ፈንታ ኤክሴል ላይ ምን እንደሠራሽበት ጻፊ።

አሁን ወደ አንቺ። ኢንተርንሺፕ ወጥተሻል፣ ሲቪሽ ላይ የድርጅቱ ስምና “2 ወር” ብቻ ነው ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር? ቫውቸር ፋይል ስታደርጊ ከነበረ የምን ቫውቸር፣ በወር ስንት ያህል፣ የጎደለ ደረሰኝ ስታገኚ ምን ታደርጊ ነበር? ግቢ እያለሽ የጊቢ ጉባኤ ወይ የጀመዓ ሒሳብ ይዘሽ ሊሆን ይችላል፣ የዘመድ ሱቅ ረድተሽ ሊሆን ይችላል። ምንም ከሌለ ደሞ ዛሬ መጀመር ይቻላል፣ ሰፈርሽ ያለችው ባለሱቅ ጋ ሄደሽ የአንድ ወር ሽያጭና ወጪሽን ልያዝልሽ በያት፣ በነፃ፣ በወሩ መጨረሻ የትኛው ዕቃ እንደሚያተርፋት አንድ ገጽ ሠርተሽ ስጪያት፣ ከዚያ ሲቪሽ ላይ እሱን ጻፊ፣ ባለሱቋም ስልኳን ለሪፈረንስ ብትሰጪ ትመሰክርልሻለች። ግን የሠራሽውን ብቻ ጻፊ፣ ያልሠሩትን የጻፉ ሰዎች ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲጠፋቸው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ለ64ቱም የላክሽው አንድ ሲቪ ነው። ማስታወቂያው “ፒችትሪ የሚችል፣ የቫት ሪፖርትና ፔይሮል የሚሠራ” የሚል ከሆነ የሲቪሽ የላይኛው ግማሽ ገጽ ስለ ፒችትሪው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ስለ ቫትና ስለ ፔይሮል ማውራት አለበት፣ “ኮሚኒኬሽን ስኪል” ታች ይውረድ። ኤግዚት ኤግዛሙ የተጀመረው በ2015 ነው፣ ማለፊያው 50 ነው፣ አንቺ ከዚያ በብዙ ከበለጥሽ “አልፌያለሁ” ብቻ አትበይ ውጤቱን አስቀምጪው። በሳምንት አሥር ቦታ ከመበተን ሁለት መርጠሽ ማታሽን ብታጠፊባቸው ይሻልሻል።

የጽሑፍ ፈተናው ነገር ነው ትልቁ፣ ሁለቴ ተጠርተሽ ሁለቴም እዚያ ከቀረሽ ችግሩ ሁሉ ሲቪው ላይ አይደለም። እኛ የምናወጣው ፈተና የተወሳሰበ አልነበረም፣ አንድ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን ስቴትመንት ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር)፣ አንድ የእርጅና ቅናሽ ስሌት፣ አንድ ፔይሮል። ብዙው ሰው ፔይሮሉ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ግቢ የተማረውን የድሮ ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣላ። የገቢ ግብሩ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ አዲሱን ሰንጠረዥ አውርደሽ ያዢ። ጡረታ የግል ድርጅት ላይ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ከአሠሪው 11 ከመቶ ነው፣ የአሠሪውን 11 ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚቀንስ ሰው አጋጥሞኛል። የአምስት ሠራተኛ ፔይሮል በእጅሽ እየሠራሽ ተለማመጂ፣ ሰዓት ይዘሽ።

ስለ ዘመድ ልዋሽሽ አልፈልግም። አለ። ቫካንሲው ከመውጣቱ በፊት ሰው የተያዘለት ቦታ አይቻለሁ፣ በጣም ያናድዳል፣ ያልተማረ ሰው አይደለም የሚያደርገው። ግን ሁሉም ቦታ እንደዚያ አይደለም፣ በተለይ ወር ሲዘጋ ሥራ የሚቆለልበት ድርጅት ሥራውን የሚያነሳለት ሰው ነው የሚፈልገው፣ የአለቃው የእህት ልጅ ባትችልበት ጣጣው ለራሱ ነው። ደሞ ሰው ማወቅ ሁሉ ነውር አይደለም፣ ቀድሞሽ የተመረቀና ሥራ የያዘ ልጅ ካለ “እናንተ ጋ ሒሳብ ክፍል የሚጠቀሙት ሶፍትዌር ምንድነው፣ ሰው ስትፈልጉ የት ነው የምታወጡት” ብለሽ መጠየቅ ዘመድ መፈለግ አይባልም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ባየሁት ማስታወቂያ አመለከትኩና በማግስቱ “አልፈሃል፣ ለመታወቂያና ለስልጠና 850 ብር በዚህ አካውንት አስገባ” አሉኝ። ኢንተርቪው አላደረጉኝም። ልክፈል? — ብ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ ብ.፣ እንዳትከፍል። የሚቀጥርህ ሰው ደመወዝ ይከፍልሃል እንጂ አንተ አትከፍለውም። ሳያዩህ ሳይጠይቁህ ማለፍህም ራሱ በቂ ነው። የፋይዳ ቁጥርህንና የባንክ አካውንትህንም ሥራው መኖሩን ቢሯቸው ሄደህ በዓይንህ እስክታይ ድረስ አትስጥ፣ ዲግሪህንም ኦሪጅናሉን ማንም ጋ አትተው፣ ኦሪጅናል ለማመሳከር ይታያል ከዚያ እጅህ ላይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ስቶር ኪፐር ሆኜ ሠርቼ በፈቃዴ ለቀቅኩ። ባለቤቱ ተናዶብኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልጽፍም አለኝ። የማመለክትበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ልምድ በማስረጃ ይላል። ልምድ እያለኝ እንደሌለው ሰው ሆንኩ፣ ምን ላድርግ? — ተ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ ተ.፣ ይሄ የሱ ችሮታ አይደለም፣ ያንተ መብት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ተጣልታችሁም ቢሆን። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቀው፣ ትሕትና ባለው አጭር ደብዳቤ፣ ሁለት ኮፒ አድርገህ አንዱ ላይ “ደርሶናል” አስብለህ አስፈርም፣ እምቢ ካሉ በኢሜይል ላክላቸው ቀኑ ይታይልሃል። ካልሆነ ያንን ይዘህ አካባቢህ ያለው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ስልክ ሲደወል ደብዳቤው ይጻፋል። ሐኪም ቤት እንደመሄድ አትፍራው፣ ክስ ሳይደርስ የሚያልቅ ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ባዶ እጅህን አይደለህም። የቅጥር ውልህ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት፣ ጡረታ ሲቆረጥ የነበረ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ካለህ፣ እነዚህን አያይዝና ማመልከቻህ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር “የልምድ ደብዳቤው በሂደት ላይ ነው፣ ለጊዜው እነዚህን አያይዣለሁ” በል። የድሮ የቅርብ አለቃህ ወይ የሒሳብ ክፍሉ ሰው የሚወድህ ከሆነ ስልኩን ለሪፈረንስ አስቀምጥ፣ አስቀድመህ ግን ንገረው። ኢንተርቪው ላይ ለምን ለቀቅክ ሲሉህ የባለቤቱን ነገር አታንሳ፣ እውነትህን ቢሆንም የሚሰማህ ሰው ነገ ስለኔስ ምን ሊል ነው ነው የሚለው፣ “ከዚያ ሰፋ ያለ ስቶር ላይ መሥራት ፈልጌ ነው” ይበቃል።

ደሞ ስቶር ኪፐር ልምዱ ያለ ደብዳቤም ከአፉ ይታወቃል። ዕቃ ስትቀበል በሞዴል 19 ስታወጣ በሞዴል 22 እንደነበር፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) በየስንት ጊዜው ከቆጠራ ጋር ታስተያይ እንደነበር፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ መደርደሪያውን እንዴት እንዳዘጋጀኸው፣ የመጨረሻው ቆጠራ ላይ ልዩነት ነበረ ወይ፣ ይሄን ሲቪህ ላይ ጻፈው። ስቶር ያልሠራ ሰው ይሄንን መጻፍ አይችልም።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ 8 ወሬ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ 6 ዓመት አካውንታንት ነበርኩ። አሁን ፓርኪንግ እሠራለሁ። ቡክኪፐር የሚል ባየሁ ቁጥር አገር ቤት የተጠቀምኩበትን ሲቪ እልካለሁ፣ መልስ የለም። ዲግሪዬ እዚህ ዋጋ የለውም ማለት ነው? — ዳ.

መልስ፦ ወንድሜ ዳ.፣ ዋጋ አለው፣ ግን ሲቪህ የሚያወራው አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው። የላክልኝ ሦስት ገጽ ነው፣ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ያገባ፣ የቁመት ሳይቀር አለበት። አሜሪካ እነዚህን አይፈልጉም፣ በዕድሜና በመሳሰሉት አድልዎ አድርጋችኋል እንዳይባሉ ማየትም አይወዱም፣ አውጣቸው፣ አንድ ገጽ አድርገው። የተመረቅክበት ዓመት 2008 ይላል፣ በኛ ነው፣ ያ ሰውዬ ግን በሱ ነው የሚያነበው፣ 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጅሃል፣ ከሥራ ዘመንህም ጋር አይገጥምለትም፣ ሁሉንም ወደ ፈረንጁ ቀይር። ስምህም ዲግሪው ላይ፣ ፓስፖርትህ ላይና ሲቪህ ላይ በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ነው የተጻፈው፣ አሁን ባለህ የአሜሪካ መታወቂያ ላይ ያለውን ያዝና በእሱ ጽና።

“ፒችትሪ” ብለሃል። ፕሮግራሙ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ነው፣ እኛ ጋ በድሮው ስሙ ቀረ እንጂ፣ ስለዚህ ሴጅ 50 ብለህ ጻፍ፣ ያኔ ያውቁታል። ትንንሽ ድርጅቶች ግን በብዛት የሚጠቀሙት ኩዊክቡክስ ነው። የኩዊክቡክስ ኦንላይን የፕሮአድቫይዘር ስልጠናና ፈተና በነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ትወስደዋለህ፣ የፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብለህም የሚነበብ ነው፣ ሰርተፊኬቱን ከላይ አስቀምጠው። ባንክህን ደግሞ ማንም አያውቀውም፣ ስሙ አጠገብ ምን ዓይነት ባንክ እንደሆነ አንድ ሐረግ ጨምር። ዲግሪህን እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ያሉ ተቋማት ከአሜሪካው ጋር አነጻጽረው ይጽፉልሃል፣ ያስከፍላል፣ ለቡክኪፐር ሥራ ሁሌ አይጠይቁህም፣ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) የመሆን ሐሳብ ካለህ ግን ወደፊት የውጭ ዲግሪህን ማስገምገምህ አይቀርም።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወገኖቻችን ሁሉ የሚቸገሩበት ነው። ሲቪህ ላይ “ቅርንጫፉ ውስጥ ሒሳብ ሲዘጋ እሳተፍ ነበር”፣ “ኦዲት ሲመጣ እንተባበር ነበር” ትላለህ። ያደግነው እንዲህ ነው፣ እኔ ሠራሁ እኔ አደረግኩ ማለት ነውር ነው፣ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር፣ “እኛ” እያልን ነው የምናወራው። እዚያ ያለው ጠያቂ ግን “እኛ”ን ሲሰማ ሥራውን ሌላ ሰው ነው የሠራው ብሎ ነው የሚወስደው። በየቀኑ ማታ የቴለሮቹን ጥሬ ገንዘብ ከሲስተሙ ጋር ታመሳክር የነበርከው አንተ ከሆንክ “የስድስት ቴለሮችን የዕለት ሒሳብ አመሳክር ነበር” በል። ጉራ አይደለም፣ ያደረግከውን መናገር ነው። ከመስታወት ፊት ቆመህ ወይም ባለቤትህን እያስጠየቅክ አፍህን አስለምደው፣ መጀመሪያ ያስጨንቃል።

ፓርኪንጉንም አትደብቀው፣ ስምንት ወር ባዶ ከሚታይ እዚህ አገር በሰዓቱ እየገባህ ጥሬ ገንዘብ እየተቀበልክ እያስረከብክ መሆኑ ይታይ፣ ሱፐርቫይዘርህም የመጀመሪያው የአሜሪካ ሪፈረንስህ ነው። አሜሪካን ጆብ ሴንተር የሚባሉት ቢሮዎች ሲቪ በነፃ ያያሉ፣ አካባቢህ ያለውን ፈልግ። ከሁሉ የምመክርህ ግን ቪታን ነው፣ የአሜሪካ ገቢዎች ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ታክስ በነፃ እንዲሠራላቸው የሚያደርግበት ፕሮግራም ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ስልጠናውን በነፃ ይሰጡሃል፣ ፈተና ታልፋለህ፣ ከዚያ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ባለው ሰሞን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ትሠራለህ። ለቀጣሪ እንግሊዝኛህም፣ ሒሳብህም፣ ጠባይህም እዚያ ወንበር ላይ ይታያል። አማርኛ የሚናገር ሰው ደግሞ እዚያ አካባቢ በጣም ይፈለጋል፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ ከታክስ ሰሞኑ በፊት ባሉት ወራት ስለሆነ ጃንዋሪ እስኪገባ አትጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት ደውልና ጠይቃቸው።